ከደባርቅ ሆኖ ሊኑክስን ማሻሻል ይቻላል? ስለ ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ እና ስለ አውትሪቺ ማወቅ ያለባችሁ

በየዓመቱ በመጋቢት ወር ከመላው ዓለም የተውጣጡ ወጣቶች ለአንድ ዕድል ይወዳደራሉ። ዕድሉ ቪዛ አይደለም፣ ዲቪም አይደለም። ከቤት ሳይወጡ፣ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ለወራት እየሠሩ፣ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ማሻሻል ነው። ክፍያ አለው። ዲግሪ ግን አይጠይቅም።

"ዲግሪ አይጠይቅም" የሚለውን አስምሩበት። ለምን ቢባል የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተው በቀጥታ ያለፉት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ የተወሰነው በሪሚዲያል ገባ። ሌላው ደባርቅ፣ ዳባትና በየገጠር ቀበሌው ቤተሰቡ ጋር ተቀምጧል። ከነዚህ መካከል ስልኩን ከሁላችንም በላይ የሚያውቅ፣ የጎረቤቱን ላፕቶፕ ፎርማት የሚያደርግ፣ በዩቲዩብ ኮዲንግ የጀመረ ልጅ አይጠፋም። ይሄ ጽሑፍ በተለይ ለሱ ነው፤ ለሷም ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ሚሞሪውንና ፋይሎቹን የሚያስተዳድረው ዋናው ሶፍትዌር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ውስጡ እንዴት እንደተጻፈ ማየትም ሆነ መቀየር አትችሉም።

ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ግን ሌላ ናቸው። የተጻፉበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ማንበብ፣ መቅዳት፣ ማስተካከል ይችላል። ያስተካከለውንም "ይሄ ስህተት ነበረበት፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል" ብሎ መላክ ይችላል። ኃላፊዎቹ ካመኑበት ማስተካከያው ገብቶ ለዓለም ይሰራጫል።

ዝነኛው ሊኑክስ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ነው። ዴቢያን የተባለውን ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክም ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኡቡንቱ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ መሥራቹ ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው።

"እኔ ሊኑክስ ተጠቅሜ አላውቅም" የምትሉ ትኖራላችሁ። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ እየተጠቀማችሁ ነው፤ አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። በዓለም ላይ ያሉ 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት በሙሉ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ናቸው። የጤና ሚኒስቴራችን ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው ሲስተምም ኦፕን ሶርስ ነው፤ የሚያለማው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አገር ያለ አይደለም፣ እዚሁ ሰፈራችን ገብቷል።

ሜንተር ምን ይሠራል?

የደባርቅ ልጅ ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ቱሪስት ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ጋይድና ስካውት ይዞ ነው የሚነሳው። ጋይዱ ቱሪስቱን አይሸከመውም። መንገዱን ያሳየዋል፣ የሚያዳልጠውን ቦታ ይነግረዋል፣ ሲደክመው ያሳርፈዋል። የሚራመደው ግን ራሱ ቱሪስቱ ነው።

ሜንተርም እንደዚያ ነው። ኮዱን አይጽፍላችሁም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች ውስጥ የትኛውን ፋይል መክፈት እንዳለባችሁ ይጠቁማል፣ የላካችሁትን ሥራ መስመር በመስመር አንብቦ ይተቻል፣ "እንደገና ሞክሩ" ይላል። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ሥርዓቱን ገና ሲሰማው ያውቀዋል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል፣ ጀማሪው ሲበረታ በተራው ሌላውን ያስጠናል። በኦፕን ሶርስ ውስጥም ተማሪ ሆነው ገብተው ዛሬ ሜንተር የሆኑ ብዙ ናቸው።

ሦስቱ ዋና ዋና በሮች

1ኛ፦ ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ
የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት ከ400 በላይ ተማሪዎች ሲሆኑ እስካሁን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች አልፈውበታል። ገንዘቡን የሚከፍለው ጎግል ነው፤ ሥራው ግን የጎግል ሥራ አይደለም። ዴቢያን፣ ፍሪቢኤስዲ፣ ሃይኩ፣ ኔትቢኤስዲን የመሳሰሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በየዓመቱ አመልክተው የተመረጡት ተሳታፊዎችን ይቀበላሉ። ፍሪቢኤስዲ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያለ ነው።

እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ግን 18 ዓመት የሞላው ለኦፕን ሶርስ ጀማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ማመልከት ይችላል። ፕሮጀክቶቹ በስፋታቸው 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት የሚፈጁ ናቸው። ክፍያው እንደየአገሩ የኑሮ ውድነት ስለሚለያይ የኢትዮጵያውን ከማመልከታችሁ በፊት የዚያን ዓመት ሰንጠረዥ አይታችሁ አረጋግጡ።

ተቀባይ ድርጅቶቹ የሚታወቁት በየካቲት አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ማመልከቻ የሚገባው በመጋቢት ነው።

2ኛ፦ አውትሪቺ
መነሻው እ.ኤ.አ. 2006 ላይ ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክት ሴቶችን ለማሳተፍ ያደረገው ሙከራ ነው። አሁን በቴክኖሎጂው ዘርፍ በአገራቸው ቁጥራቸው ያነሰ ወይም መድልዎ የሚደርስባቸውን ሰዎች ሁሉ ይቀበላል። የሚቆየው ሦስት ወር ሲሆን በሳምንት 30 ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠቅላላ ክፍያው 7 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። በዓመት ሁለት ዙር አለው፤ ለአንዱ የሚመዘገበው በጥር አካባቢ፣ ለሌላው በነሐሴ አካባቢ ነው።

እህቶቻችን፣ ይሄኛውን ልብ በሉት። በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ "ብቸኛዋ ሴት" ሆናችሁ የተማራችሁ ከሆነ፣ ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄንኑ ነው፤ ያለፋችሁበትን በግልጽ ጻፉት።

3ኛ፦ የሊኑክስ ከርነል ሜንተርሺፕ
የሊኑክስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ክፍያ የሌለው ዙርም ስላለ ይሄን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ነገር ግን ፋውንዴሽኑ ስለ ከርነል ሥራ ለጀማሪዎች ያዘጋጀው ትምህርት በነፃ ነው። ማንም ገብቶ መማር ይችላል።

"እኛ ምን ልንጨምር እንችላለን?"

ብዙ። እንዲያውም እኛ ካልሠራነው ማንም የማይሠራው ነገር አለ።

አንደኛው ዘመን አቆጣጠራችን ነው። ኡቡንቱን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ቀኑን ብታዩት ወሩን በአማርኛ ፊደል ይጽፍና የሚሰጣችሁ የፈረንጅ ወር ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር አይልም። 13ኛዋን ወራችንን ጳጉሜንን ለመቁጠር ደግሞ የሲስተሙ ስሌት ራሱ መቀየር አለበት። የሚገርመው ሒሳቡ ተሠርቶ አልቋል፤ አይሲዩ የሚባለውና ብዙ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት ኦፕን ሶርስ የኮድ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ ካላንደር አለ። የቀረው ያንን ከዴስክቶፑ ሰዓትና ካላንደር ጋር ማገናኘት ነው። ይሄ ለአንድ ጀማሪ፣ ጥሩ ሜንተር ካገኘ፣ የአንድ ክረምት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሰዓታችን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ስንል ኮምፒውተሩ 7 ይላል። ሁላችንም በጭንቅላታችን እየቀነስን ለምደነዋል እንጂ ማሽኑ እንዲለምደን ማድረግ ይቻል ነበር።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው። "ሐይቅ" ብሎ የጻፈና "ሀይቅ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ይሄን ለፈረንጅ ፕሮግራመር ማስረዳት ከባድ ነው። ለደባርቅ ልጅ ግን አንደኛ ክፍል የተማረው ነገር ነው።

በዚህ ረገድ ከባዶ አንነሳም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም በወጣው 3.0 እትም ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ ሊኑክስ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የሌሎችንም ቋንቋዎቻችንን የቀንና የወር ስሞች የሚያነብባቸውን ፋይሎች አዘጋጅቶ ለዓለም አስረክቧል። ዛሬ ማንኛውም ሊኑክስ የጫነ ሰው እነዚያን ፋይሎች ማግኘት ይችላል። ማለትም መንገዱ ተጠርጓል፤ ቀጣዩን ኪሎ ሜትር የሚጠርግ ነው የጠፋው።

ማሽን ብቻውን አይበቃም

አንዳንዶቻችሁ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸውን ትናንሽ ላፕቶፖች ታስታውሷቸው ይሆናል። "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ወደ አገራችን ገብተው ነበር። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ፕሮጀክቱ ግን ወደ መላው አገር ሳይስፋፋ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው፣ አንድሮይዱን እንደፈለጉት ቀያይረውት ተገኙ። ወሬው ያኔ ዓለምን ዞረ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንወስደው ይሄን ነው። የልጆቻችን ጭንቅላት አላነሰም። ማሽን ማምጣትም ይቻላል። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ "ቀጥሎስ ምን ልሥራ?" ለሚለው ልጅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። የሜንተርሺፕ ፕሮጀክቶች የሚሞሉት ይሄን ክፍተት ነው።

አሁንም ያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት የያዛችሁ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጅምር ነው። ቀጣሪ ግን "ምን ሠርተሃል?" ብሎ ሲጠይቅ ሰርተፊኬቱ ብቻውን አይመልስለትም። ዴቢያን ውስጥ የገባ አንድ ትንሽ ማስተካከያ ግን ስማችሁ ከነቀኑ ተጽፎበት ለማንም የሚታይ ማስረጃ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይሄን ጥያቄ ሳናነሳ ብናልፍ መዋሸት ይሆናል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። መብራትም እንደምታውቁት ነው። ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሙሉ መፍትሔ የለውም። የሚቀንሱት ዘዴዎች ግን አሉ፦

• ጊት የሚባለው የኮድ ማስተዳደሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮዱን አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ለሳምንታት ያለ ኔትወርክ ማንበብ፣ መቀየር፣ መመዝገብ ትችላላችሁ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ስትልኩ ብቻ ነው።

• የሊኑክስ ከርነልን ሙሉ ታሪክ ማውረድ ብዙ ጊጋ ባይት ይፈጃል። የመጨረሻውን እትም ብቻ አውርዱ፤ ወደ ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ይወርድላችኋል። ፓኬጃችሁን ታድናላችሁ።

• የከርነል ማስተካከያዎች የሚላኩት በኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክም ያሳልፈዋል።

• ለሜንተራችሁ ችግሩን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት። "ያለሁበት ኢንተርኔት ለቀናት ሊጠፋ ይችላል፣ ሲመለስ የሠራሁትን በአንድ ላይ እልካለሁ" ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ሳይናገሩ መጥፋት ነው።

• ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን አትጠብቁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ እስከ መዝጊያው ድረስ ማሻሻል ይቻላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው የምታስቀር ነገር ደግሞ ሰዓት ናት። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዩቲሲ ነው፤ እኛ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። 18:00 ዩቲሲ ከተባለ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ላድርግ?

1. ኮምፒውተር ካላችሁ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ሊኑክስ ጫኑበት። ለደከመ ማሽን ሉቡንቱ ወይም ዴቢያን ከኤክስኤፍሲኢ ጋር ይሆናል። ዊንዶውሱን ማጥፋት ከፈራችሁ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ ማስነሳት ትችላላችሁ።

2. ለአንድ ወር ዝም ብላችሁ ተጠቀሙበት። ያስቸገራችሁን ነገር ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። "አማርኛ ስጽፍ እንዲህ ሆነብኝ" የሚለው ማስታወሻ ነገ ፕሮጀክት ይሆናል።

3. ሲ ወይም ፓይተን ተማሩ። ከርነልና ሃይኩን ለመሳሰሉት ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ያስፈልጋሉ። ለሌሎች ብዙ ፕሮጀክቶች ፓይተን ይበቃል።

4. ከትንሽ ነገር ጀምሩ። የትርጉም ስህተት ማረም፣ መመሪያ ላይ ያለ የተሳሳተ ትእዛዝ ማስተካከል፣ የተዘገበ ችግርን በራሳችሁ ማሽን ላይ ሞክራችሁ "እኔም ጋር ይከሰታል" ብላችሁ ማረጋገጥ። ሜንተሮች ሰው ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ይሄን ነው።

5. ድርጅቶቹ በየካቲት ሲታወቁ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ምረጡ። በየቦታው አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚበትን ሰው የትም አይያዝም።

6. እንግሊዝኛችሁ ደካማ ቢሆን አትፈሩ። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ስለሆነ አስባችሁ ትጽፋላችሁ። አጭርና ግልጽ አረፍተ ነገር ይበቃል። ኤአይ ያመረተውን ማመልከቻ እንዳለ መላክ ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው፤ ሜንተሮቹ ወዲያው ይለዩታል።

ተጠንቀቁ

ከላይ ለዘረዘርናቸው ፕሮግራሞች የማመልከቻ ክፍያ የለም። "ላስገባልህ፣ ይህን ያህል ብር ላክ" የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ በቃ።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ውድድሩ ከባድ ነው። ከሚያመለክተው ሰው አብዛኛው አይመረጥም። በመጀመሪያው ዓመት ባይሳካ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ለማመልከት ብላችሁ የሠራችሁት ማስተካከያ አይጠፋም። ቢመርጧችሁም ባይመርጧችሁም ስማችሁ እዚያ ተጽፎ ይቀራል፤ የተማራችሁትም ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው።

ለአስተማሪዎችና ለወላጆች

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም፤ ዳባት ላይ ያለው የምርምር ማዕከሉ እንኳ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪውን ጤናና የሕዝብ ቁጥር እየተከታተለ ይመዘግባል። ዳታና ኮምፒውተር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደሉም። አንድ የአይሲቲ መምህር በሳምንት አንድ ከሰዓት ላቡን ክፍት ቢያደርግ፣ የዴቢያንን ፋይሎች አንዴ አውርዶ በፍላሽ ለልጆቹ ቢያካፍል፣ አምስት ልጅ አብሮ ቢሞክር፣ የሚጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ካመለከቱት አምስት ልጆች አንዷ ብትገባ በሚቀጥለው ዓመት ለሌሎቹ ሜንተር የምትሆነው እሷ ናት።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ ሌሊት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ብታገኙት ሁልጊዜ ጨዋታ ላይ ነው ማለት አይደለም። ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት። ሊኑክስን ከጀመረው ልጅ ጋር እኩያ ሊሆን ይችላል።

የአውትሪቺ ቀጣይ ምዝገባ በነሐሴ ወይም በጥር፣ የጎግሉ ደግሞ በመጋቢት ነው። ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ከፕሮግራሞቹ ዋና ገጽ ላይ አረጋግጡ። ለሚጠቅመው ልጅ ሼር አድርጉለት፤ ስልኩ ላይ ዳታ ከሌለው ደግሞ ስክሪንሾት አንስታችሁ አሳዩት።